ከኮሮና ከተነሳሁ ወዲህ ሒሳብ ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። 54 ዓመቴ ነው፤ ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ከአምስት ወር በፊት ኮሮና ይዞኝ ነበር። ሳሉ ለቀቀኝ፤ ጭንቅላቴ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። ደንበኛ 200 ብር ይሰጠኝና መልሱን በእጄ ይዤ ምን እንደሸጥኩ ይጠፋብኛል። ከምሳ በፊት ይብስብኛል፤ ላብ ላብ ይለኛል። ምግብም እንደ ድሮው አይበላልኝ። ልጆቼ «እርጅና ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ፣ በ54 ዓመት እንዲህ ያለ ነገር እርጅና ተብሎ አይታለፍም። ኮሮና ከለቀቀ በኋላ ወራት የሚዘልቅ መርሳትና መፍዘዝ በሕክምና የታወቀ ነው። ቫይረሱ ያስነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) በአንዴ አይበርድም፤ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ሊነካ ይችላል። እንደ ስኳር ያለ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ለማገገም ጊዜ ይወስድበታል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ያ «ከምሳ በፊት» ያሉት ነው። ግሊቤንክላማይድ ቢበሉም ባይበሉም ስኳርን ያወርዳል። ኪኒኑ የድሮው መጠን፣ ምግቡ ግን ግማሽ ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አንጎል የሚሠራው በስኳር ነው፤ ሲያጣ ሒሳብ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሲያልብዎትና ሲደናገርዎት ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ሳይጠብቁ ይጠጡ። ቁጥሩንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉና በዚሁ ሳምንት ሐኪምዎን ያሳዩ። መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ በራስዎ እንዳያቋርጡ አደራ።

ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ የቫይታሚኑ ማነስም ያስረሳል፣ እግርንም ያደነዝዛል። ይህን ከደም ማነስና ከእንቅርት ምርመራ ጋር ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ የኮሮናው ትራፊ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የተለየ ኪኒን የለውም፤ ብዙ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይሻለዋል። ከባዱን ሒሳብ ጠዋት፣ ቁርስ በልተው ይሥሩ። ሳይደክምዎት አረፍ ይበሉ፤ በድካም ላይ መታገል በማግስቱ አልጋ ላይ ይጥላል። እንቅልፍዎን አይሻሙ።

በድንገት አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።