ዞልታን እና ሥልጣን

ጥያቄ፦ ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት ነው የምማረው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ዞልታን ይባላል። ስሙ «ከሱልጣን» የመጣ እንደሆነ ነገረኝ። ታዲያ የኛ «ሥልጣን»ም ከዚያው የመጣ ነው? ሌላው ደግሞ በአማርኛ ስጽፈው «ዞልታን» ነው «ዞልጣን»? ጓደኛዬ «ሶልታን» ነው የምትለው። ደረቱ ላይ ባለው መታወቂያ ላይም ዞልታን የሚለው ስም ሁለተኛ ተጽፏል። የአባቱ ስም ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። ከሥሩ ልጀምር።

የኛ «ሥልጣን» ከ«ሱልጣን» አልመጣም። «ሱልጣን»ም ከኛ አልሄደም። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። የጋራ ሥር አላቸው፤ ሥሩም ሦስት ፊደል ነው። በግእዝ ሠ-ለ-ጠ፣ በዐረብኛ ሰ-ለ-ጠ፣ በዕብራይስጥና በአራማይክ ሸ-ለ-ጠ። ትርጉሙ በሁሉም ዘንድ መግዛት፣ የበላይ መሆን ነው። የዳንኤል መጽሐፍ ከፊሉ የተጻፈው በአራማይክ ነው። ምዕራፍ 7 ቁጥር 14ን በዚያ ቋንቋ ብናነበው፣ የሰው ልጅ ለሚመስለው የተሰጠው ግዛት «ሾልጣን» ተብሎ እናገኘዋለን። ጮክ ብለው ይበሉት። ሾልጣን፣ ሱልጣን፣ ሥልጣን። ዝምድናው ለጆሮ ይሰማል።

መንገዳቸው የተለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ዐረብኛም መጀመሪያ ቃሉን የያዘው ለነገሩ እንጂ ለሰው አልነበረም። ቁርአን ውስጥ «ሱልጣን» ማለት ኃይል፣ ሥልጣን፣ ማስረጃ ነው። ቆይቶ ግን ኃይሉን የያዘው ሰው ራሱ በቃሉ ይጠራ ጀመር። በ11ኛው መቶ ዘመን የሰልጁቅ ቱርኮች ገዢዎች መደበኛ ማዕረጋቸው አደረጉት። አማርኛ እንደዚህ አላደረገም። ኃይሉን «ሥልጣን» እንዳለ ትቶ፣ ለሰውየው «ባለ» ጨመረለት። ባለሥልጣን አልን። ዐረብኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን ሰው እኛ የምንጠራው የነገሩ ባለቤት አድርገን ነው። እኔ ይሄን የአማርኛ ጠባይ በጣም እወደዋለሁ። ሥልጣኑና ሰውየው አንድ እንዳልሆኑ ቋንቋው ራሱ ይነግረናል።

ግሡም ቢሆን የድሮ ትርጉሙን አልጣለም። ዛሬ «ሠለጠነ» ስንል ሙያ ተማረ ወይም ዘመናዊ ሆነ ማለታችን ነው። «ክፉ መንፈስ ሠለጠነበት» ሲባል ግን ገዛው፣ የበላይ ሆነበት ማለት ነው። ጥንታዊው ትርጉም እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ስም ልሂድ። ሃንጋሪኛ የቱርክ ቋንቋ አይደለም። የፊንላንድ ቋንቋ ሩቅ ዘመድ ነው። ሕዝቡ ግን በ895 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሁን ያለበት አገር ከመግባቱ በፊት፣ በሜዳው ምድር ከቱርክ ወገን ሕዝቦች ጋር ለረጅም ዘመን ተጎራብቶ ኖሯል። ከእነሱ ብዙ ቃል ወስዷል። ከወሰዳቸው ውስጥ የማዕረግ ስሞች ይገኙበታል፤ እነዚህም የሰው ስም ሆኑ። የሃንጋሪ የስም መዝገበ ቃላት ዞልታንንም ከዚህ ወገን ያደርጉታል። ምንጩ ዐረብኛ፣ ያደረሰው ቱርክኛ ነው ይላሉ። ሃንጋሪ ውስጥ ስሙ የሚገኘው ሰልጁቆች ቃሉን ማዕረግ ከማድረጋቸው በፊት ስለሆነ፣ ከሰንሰለቱ ቀጭኑ ቀለበት ይሄ ነው። ያም ሆኖ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም።

ማዕረግ ስም መሆኑ ለኛ እንግዳ አይደለም። መኮንን፣ መስፍን፣ ልዑል እያልን ልጆቻችንን እንጠራለን።

የመጀመሪያው የታወቀ ባለስም የአርፓድ ልጅ ነው። አርፓድ ሃንጋሪዎችን ወደ አሁኑ አገራቸው የመራው አለቃ ነው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 7ኛ በ950 አካባቢ ባጻፈው መጽሐፍ የአርፓድን ልጆች ሲዘረዝር አራተኛውን «ዛልታስ» ብሎታል። በ1200 ገደማ ስሙን ሳይገልጽ በላቲን የጻፈ የሃንጋሪ ንጉሥ ጸሐፊ ደግሞ «ዙልታ» ይለዋል። የዚህ የዙልታ ልጅ ታክሾኝ ነው። የታክሾኝ ልጅ ጌዛ፣ የጌዛ ልጅ ኢሽትቫን። ኢሽትቫን ማለት እስጢፋኖስ ነው። አገሩን ክርስቲያን ያደረገው የመጀመሪያው ንጉሥ እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የቅዱሳን ስም ሞላ፤ የቅድመ አያቱ ስም ግን እየተረሳ ሄደ።

ስሙ የተመለሰው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ያ የላቲን ታሪክ በ1746 ታተመ። ቀጥሎ የመጣው የአገር ፍቅር ዘመን የጥንት አለቆችን ስም ፈልጎ አነሣ። በ19ኛው መቶ ዘመን አርፓድ፣ ጌዛ፣ ዞልታን የሕፃናት ስም ሆኑ። ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ የተወለደው በ1882 ነው፤ የዚያ ትንሣኤ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦቶማን ቱርኮች ከ1541 እስከ 1686 ቡዳ የተባለችውን ከተማ (ዛሬ የቡዳፔስት ክፍል ናት) ይዘው ስለነበር፣ ስሙ ከእነሱ የቀረ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ ኦቶማኖች ከመምጣታቸው ከ600 ዓመት በፊት እዚያ ነበር። የኦቶማኑን ገዢ ሃንጋሪኛ የሚጠራው በሌላ ቃል፣ «ሱልታን» ብሎ ነው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ፣ በሁለት በር ገባ ማለት ነው። እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው። «ሥልጣን» ከግእዝ ወረስን፣ «ሱልጣን»ን ከዐረብኛ ተቀበልን። የአውሳ ሱልጣን ስንል ሰውየውን እንጂ ኃይሉን ማለታችን እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲኖሩ አይጋጩም።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። «ዞልታን» ብለው ይጻፉ። «ጠ» የዐረብኛውና የኛ ድምፅ ነው። ቃሉ ቱርክኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ላላ፣ ተራ «ተ» ሆነ። ሃንጋሪኛም የተቀበለው እንዲያው ነው። በ«ጣ» ብንጽፈው የቃሉን ዘር እናሳያለን እንጂ የሰውየውን ስም አንጽፍም። የሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ በሚጠራበት ድምፅ ነው መጻፍ ያለበት። «ሶልታን»ም ልክ አይደለም፤ መነሻው ጥርት ያለ «ዞ» ነው። ሲጠሩት መጀመሪያው ላይ ጠንከር ይበሉ፣ «ታ»ን ሳብ ያድርጉ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የጥንቱ ሰው ስም በዘመኑ «ዞ» ተብሎ አልተጠራ ይሆናል። የላቲን ጸሐፊዎች በአንዲት ፊደል ዘንም፣ ዠንም ይጽፉ ነበር። «ዦልት» የሚባል ሌላ የሃንጋሪ ስም አለ፤ የዞልታን ወንድም ነው፣ ምንጫቸው አንድ። ከቡዳፔስት በስተደቡብ በዳኑብ ዳር ያለችው «ሾልት» የምትባል ከተማም ከዚሁ ስም ጋር ትያያዛለች። ጓደኛዎ «ዦልት» የሚባል ሰው ሲያስተዋውቅዎ አይጨነቁ። ፊደላችን ዥ አለው፤ ብዙ አገር ሰው የሚቸገርበትን እኛ በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን።

መታወቂያው ላይ ሁለተኛ የተጻፈው የራሱ ስም ነው። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ኮዳይንም በአገሩ ኮዳይ ዞልታን ነው የሚሉት። የኛን ልማድ ይዘው «አቶ» ብለው የመጀመሪያውን ቢጠሩ የሚጠሩት ቤተሰቡን ነው። ዞልታን ይበሉት።

ሃንጋሪ ውስጥ እያንዳንዱ ስም በዓመት የራሱ ቀን አለው። የዞልታን ቀን ማርች 8 ነው፤ የዦልት አፕሪል 10። ያን ቀን ጠዋት «ቦልዶግ ኔቭናፖት» ይበሉት፤ መልካም የስም ቀን ማለት ነው። ከዚያ «ሥልጣን» የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ በፊደላችን ጽፈው ያሳዩት።