የስፖርት መኪና ኦሪጅናል ቸርኬ፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር? (ጥያቄና መልስ)

ጋሽ ቶርኖ (መላሽ)፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ኦሪጅናል ቸርኬ ብቻ ነው። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉ፦ ቸርኬው ከምን እንደተሠራ፣ ጀርባው ላይ የተቀረጸውን ልክ፣ ጉዳቱ የት እንደሆነ፣ መኪናዋን ለምን እንደምትነዷት። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። የሚወስነው የብረቱ ጤና ነው፤ የቀለሙ መልክ አይደለም። ቀለሙ የተላጠ ጤነኛ ቸርኬ ይታደሳል፣ እያብረቀረቀ የተሰነጠቀ ግን ከመንገድ ይወጣል። ስንጥቅ ሳይፈለግ ደግሞ ቀለም አይቀባም።

ባለ 911፦ ጋሼ፣ መኪናዋ የ1972 ፖርሼ 911 ናት፣ ቸርኬው ፉክስ፣ 6 በ15 (6 ኢንች ስፋት፣ 15 ኢንች ዲያሜትር)። አኖዳይዙ (በኤሌክትሪክ የተፈጠረው የአሉሚኒየሙ መከላከያ ሽፋን) ደብዝዟል፣ የሁለቱ ጠርዝ ተፍቋል። ጀርባው ላይ የወርና የዓመት ማህተም አለ። ቅጂ ልግዛ ወይስ ላሳድስ? የምነዳት በሳምንቱ መጨረሻ በአስፋልት ብቻ ነው።

ጋሽ ቶርኖ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ይታደስ። ፉክስ ለ1967ቱ 911 ኤስ በ4.5 ኢንች ስፋት ሲወጣ ጀምሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ አሉሚኒየም ነው፣ ቀልጦ የፈሰሰ አይደለም። የተቀጠቀጠ ብረት ውስጡ የአየር ቀዳዳ ስለማይኖረው ሃምሳ ዓመት አልፎትም ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ቅጂዎቹ ብዙዎቹ ፍስስ ናቸው፣ ያንኑ ጭነት ለመቻልም ወፍራምና ከባድ ይሆናሉ። የቀን ማህተሙ ከመኪናዋ ምርት ዘመን ጋር ከገጠመ ደግሞ በቅጂ የማይተካ ነገር ይዘሃል።

አሠራሩን ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ ሂድ። ጎማውን አውልቀህ እጠበው። ቸርኬውን በጤነኛ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ አስረህ ዲያል ጌጁን (መወላገድን የሚለካውን ባለ መርፌ መለኪያ) የጎማው ጠርዝ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግጠም፤ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይና ታች ለካ። ውጫዊው ጠርዝ በግጭት ስለሚፋቅ እዚያ ላይ መለካት ያሳስታል። ለአሉሚኒየም የተለመደው ገደብ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሞዞውን ራሱን ለካ፤ ብዙ ሰው ጥፋቱ የሞዞ ሆኖ ሳለ ቸርኬ ይለውጣል።

ቀጥሎ የድሮውን ቀለም በኬሚካል አንሳ፣ አሸዋ እንዳታስነፋበት። አሸዋ ወይም የብረት ጥይት ሲነፋ የላይኛው ብረት ተደፍጥጦ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብትፈትሽ አታየውም። ከኬሚካሉ በኋላ በደንብ አድርቀህ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀዩን ሰርጎ ገብ ቀለም ቀባ፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ተወው፣ ትርፉን በማጽጃ በረጠበ ጨርቅ ጥረግ። ማጽጃውን ቀጥታ አትርጭበት፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባውንም ያጥብብሃል። ነጩን ገላጭ ስስ አድርገህ ነፍተህ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው፤ የተበታተነ ቀይ ነጥብ ከሆነ ዝገት የበላው ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፣ አጽድተህ ድገመው። አጥብቀህ የምታየው በዳዶ ቀዳዳዎቹ መካከል፣ በክንዶቹ ሥር፣ በቫልቩ ቀዳዳ ዙሪያና በበርሜሉ (ጎማው በሚቀመጥበት ክብ ክፍል) የውስጥ ጠርዝ ላይ ነው።

ንጹህ ሆኖ ከተገኘ የጠርዙን ፍቀት በእጅ አለስልሰህ እንደገና አኖዳይዝ አስደርገው። በቶርኖ ላጥ ላጥ አድርገው የሚያሳምሩ አሉ፤ የሚቀንሱት ብረት ግን ተመልሶ አይመጣም። ክሮምም አይሆንም፤ ስንጥቅ ይሸፍናል፣ ሲላጥም ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ይበላዋል።

ነጩ ኩፔ፦ የኔም አርጅቷል፣ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ጋሽ ቶርኖ፦ አራቱን ነገር ጻፍ።

ዘጠኝ ሺ ዙር፦ ጋሼ፣ ቀልጦ የፈሰሰ የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው፣ 7 በ15፣ ስንጥቅ የለውም። የዱቄት ቀለም (ተነፍቶ በምድጃ የሚደርቅ) ልቀባው ነው፣ ችግር አለው?

ብርማው፦ በፍጹም እንዳትቀባው። ምድጃ የገባ አሉሚኒየም ጥንካሬው ያልቃል፣ የታወቀ ነው።

ባለ 911፦ ታዲያ ስንት ፋብሪካ በዱቄት ቀለም ይቀባ የለ? ራሳቸው አምራቾቹ ምድጃ ያስገቡታል።

ብርማው፦ ፋብሪካ ሙቀቱን ይቆጣጠራል። የሠፈር ምድጃ ማን ይቆጣጠረዋል?

ባለ 911፦ እንግዲያው ጥፋቱ የምድጃው ነው፣ የዱቄቱ አይደለም።

ጋሽ ቶርኖ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል፣ ቁጥሩን ልስጣችሁ። ፍስስ ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው 540 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ ድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ 155 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ቆይቶ ነው። የዱቄት ቀለም የሚደርቀው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ለ10–20 ደቂቃ ነው። ከ155 ይበልጣል፣ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ቸርኬውን አያበላሸውም። የሚያበላሸው ሥራውን መደጋገም ነው፦ ሥር ቀለም ለብቻ፣ ቀለም ለብቻ፣ ቫርኒሽ ለብቻ፣ አልወደድኩትም ተብሎ እንደገና። እያንዳንዱ ዙር ይደመራል። በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቅ ዱቄት ካለ እሱን ምረጥ።

ትልቁ አደጋ ግን ማንም የማይጠይቀው ነው፦ የድሮው ቀለም እንዴት እንደተነሳ። አንዳንድ ቀቢ ሥራ ለማፍጠን ቸርኬውን ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ ከትቶ በ400 ዲግሪ አካባቢ ቀለሙን አቃጥሎ ያነሳዋል። ያ ለብረት በር ደህና ነው። አሉሚኒየም ቸርኬ ግን ከዚያ ሲወጣ ልስልስ ብሎ ነው የሚወጣ፣ በዓይን ደግሞ ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ ሥራ ከመስጠትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ቀለሙ በምን ይነሳል? ምድጃው ስንት ዲግሪ ነው? ሁለቱንም የማይመልስ ሰው ጋ ቸርኬህን አትተው።

የዳዶ መቀመጫውና ከሞዞው ጋር የሚገጥመው ፊትም ይሸፈን፣ ቀለም አይንካው። የዱቄት ቀለም ወፍራም ነው፤ መቀመጫው ላይ ካለ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፣ ዳዶውም ይላላል።

ሮዝ፦ ጋሼ፣ ወርቃማ ቀለም ይሻላል ወይስ ኦሪጅናሉ ብርማ? 7 በ15፣ ፍስስ አሉሚኒየም፣ ጉዳት የለውም።

ጋሽ ቶርኖ፦ እህቴ፣ በቀለም ምርጫ አልገባም። መቀመጫው ላይ ቀለም እንዳይደርስ ብቻ አደራ።

ብርማው፦ ኦሪጅናሉ ይሻላል።

ዘጠኝ ሺ ዙር፦ ወርቃማ በጥቁር መኪና ላይ የሚያምር ነው።

ሚኒ ወዳጅ፦ ጋሽ ቶርኖ፣ የ1960ዎቹ ሚኒላይት ናቸው ተብለው የተሸጡ አራት ቸርኬዎች አሉ። ማግኒዥየም ይሁኑ አሉሚኒየም በምን ይለያል? በጀርባ በኩል ነጭ ዱቄት አውጥተዋል። መኪናዋ አንዳንዴ የውድድር መም ላይ ትወጣለች።

ጋሽ ቶርኖ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ክብደቱን ተመልከት፦ አንድ ሊትር የሚያክል ማግኒዥየም 1.8 ኪሎ ገደማ ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ነው። ከዚያ በጀርባ በኩል በማይታይ ቦታ ትንሽ ፋቅ አድርገህ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ አኑር። ወዲያው አረፋ ከደፈቀ ማግኒዥየም ነው፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል። እንዳየህ በውሃ አጥበህ አድርቀው።

ማግኒዥየም ከሆነ ከላይ ለባለ 911 ያልኩትን ሁሉ እንዳለ አትውሰድ። አሲድ ይበላዋል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አሲድ አለበት። ስትሞርደው የሚወጣው ብናኝ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፤ ከተቀጣጠለ ውሃ አትድፋበት፣ ውሃ እሳቱን ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ አጠገብህ ይኑር፣ ብናኙን በየጊዜው ጥረግ፣ ብረት ከሚሞረድበት ቦታም ራቅ።

ነጩ ዱቄት ዝገት ነው። ከላይ ያለው ትንሽ መስሎ ከሥር ጉድጓድ ይኖራል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ባዶ ማግኒዥየም የብረት ቡሎን ወይም የናስ ቫልቭ ሲነካና እርጥበት ሲያገኝ በፍጥነት ይበላል። ስለዚህ ቀለሙ በኬሚካል ይነሳ፤ ለማግኒዥየም ተስማሚ ነው የተባለ ይሁን። ከዚያ ሰርጎ ገብ ቀለም፣ ከተቻለ በተጨማሪ ራጅ፤ ፍስስ ማግኒዥየም ውስጡ የአየር ኪስ ሊኖረው ስለሚችል ሰርጎ ገቡ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ንጹህ ከሆነ የክሮሜት ሕክምና (ዝገት የሚከላከል ኬሚካል)፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ሥር ቀለም፣ በላዩ ቀለም። ባዶውን እያብረቀረቀ ልተወው ካልክ በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

ለውድድር መም ግን የኔ አቋም አንድ ነው፦ ዘመኑ የገፋ ማግኒዥየም አይነዳበትም። ጎማ ያዝ ሲያደርግ የሚመጣው የጎን ኃይል ከመንገዱ በብዙ ይበልጣል። በዚያው ልክ አዲስ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ለመሙ ያዝ፣ ኦሪጅናሎቹን አድሰህ ለመንገድና ለትርኢት አስቀምጥ።

ነጩ ኩፔ፦ ይቅርታ ጋሼ። ፍስስ አሉሚኒየም፣ 7 በ15፣ ኢቲ (ከሞዞው ጋር የሚገጥመው ፊት ከቸርኬው መሃል ወደ ውጪ የሚርቅበት ሚሊ ሜትር) 23። የአንዱ በርሜል ከውስጥ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ተሰንጥቋል። ማስበየድ ይቻላል?

ጋሽ ቶርኖ፦ አይቻልም። ያ ቸርኬ ወጥቷል። በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት በሙቀቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ የሚቀጥለው ስንጥቅ ከብየዳው ጎን ይወጣል። የሚበየደው በግጭት የተጎመደ የውጭ ጠርዝ ብቻ ነው፣ እሱም ሙሌት ነው። ክንድ፣ የዳዶ አካባቢ፣ በርሜል ፈጽሞ አይበየድም። አንድ ጥንድ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልግና ፈትሽ፤ ስብስቡን በሙሉ መጣል የለብህም።

ዘጠኝ ሺ ዙር፦ በአርጎን ቢበየድስ? ጥሩ ባለሙያ ካለ?

ጋሽ ቶርኖ፦ ከላይ መልሻለሁ። አርጎን ሙቀት የለውም እንዴ? ባለሙያው ጥሩ ሲሆን ስፌቱ ያምራል፣ ጎኑ ያለው ብረት ግን ያው ይለሰልሳል።

ነጩ ኩፔ፦ እንግዲያው አራቱንም ቀይሬ 8 በ17፣ ኢቲ 35 ላድርግ ብዬ አስባለሁ። ይገባል?

ጋሽ ቶርኖ፦ አስላው፣ ቀላል ነው። ከስፋቱ ግማሽ ላይ ኢቲውን ስትቀንስ የውጪው ነው፣ ስትደምር የውስጡ። የድሮው 7 ኢንች ግማሹ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው፦ ውጪ 65.9፣ ውስጥ 111.9። አዲሱ 8 ኢንች ግማሹ 101.6፦ ውጪ 66.6፣ ውስጥ 136.6። ወደ ውጪ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም፣ ወደ ውስጥ ግን 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ገብቷል። ሾክ አብዞርበርህ ከቸርኬው 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለው ይነካል። ለካ፣ መሪውን እስከ ዳር አዙረህም እይ።

ጎማውም ይቆጠር። 205/60 በ15 ቁመቱ 627 ሚሊ ሜትር ነው፣ 225/45 በ17 ደግሞ 634፤ ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ችግር የለውም። የሞዞ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩን የጠበቀ ቀለበት ግጠም። ቸርኬው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ ከከባዱ አክስል ክብደት ግማሽ እንዳያንስ። የዳዶውን መቀመጫ እይ፦ የኦሪጅናሉ ክብ ሆኖ የአዲሱ ሾጣጣ ከሆነ የድሮውን ዳዶ አትጠቀም። የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሚሆን ይላላል።

ሽቦ ቸርኬ፦ መኪናዋ ኤምጂቢ፣ ቸርኬው ባለ 60 ሽቦ፣ በመሃል ዳዶ የሚታሰር። ፍሬን ስይዝና ወደ ኋላ ስሄድ «ቋ» ይላል። ሽቦዎቹን ላስጠብቅ?

ብርማው፦ ሽቦ ላልቶ ነው፣ አስጠብቀው።

ጋሽ ቶርኖ፦ ብርማው፣ አትቸኩል። አቅጣጫ ሲቀየር የሚመጣ «ቋ» አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬውና ሞዞው የሚያያዙበት ጥርስ መበላት ነው። ቸርኬውን አውጣና የሞዞውን ጥርሶች ተመልከት፤ ጫፋቸው እንደ ቢላ ከሾለ አልቀዋል። አዲስ ቸርኬ በተበላ ሞዞ ላይ ከገጠምክ ሞዞው አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። ሲገጠም ጥርሱና ሾጣጣው ግራሶ ይቀባ። የግራና የቀኝ ሞዞ እንዳይቀያየር አደራ፦ በግራ በኩል ያለው የዳዶው መጠምዘዣ የተለመደው ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ግራ ዞሮ ነው። ከተቀያየረ ዳዶው እየተነዳ ራሱን ይፈታል። ሽቦን በተመለከተ፣ በብረት ዘንግ ነካ ነካ አድርግ፤ ደህናው ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይደፈናል። ከሦስት አራት በላይ ከላሉ ሙሉ ቸርኬው እንደገና ይገጣጠም።

ሮዝ፦ ጋሼ፣ የጓደኛዬ መኪና ቸርኬ ላይ «390» የሚል ተጽፏል። የ15 ኢንች ጎማ ይገባል?

ጋሽ ቶርኖ፦ አይገባም፣ አታስሞክሪው። 390 ሚሊ ሜትር 15.35 ኢንች ነው፤ የሚሽሊን ቲአርኤክስ ቸርኬ ነው፣ የራሱን ጎማ ብቻ ይቀበላል። ጎማው ዛሬም ይሠራል፣ ግን በጥቂት ልክ ነው፣ ውድም ነው። ኦሪጅናሎቹን አስቀምጣ በ15 ወይም በ16 ኢንች ቸርኬ ብትነዳ ያዋጣታል።

ባለ 911፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ከታደሱ በኋላ ዳዶው በስንት ይጠበቅ? ቅባትስ?

ጋሽ ቶርኖ፦ ለአንተ መኪና 130 ኒውተን ሜትር፣ በኮከብ ቅርጽ፣ መኪናዋ ከጃክ ሳትወርድ በግማሽ ኃይል፣ ጎማው መሬት ሲነካ ሙሉውን። ቅባት የመኪናው መጽሐፍ ካዘዘ ብቻ ነው፤ በቅባት የታሰረ ዳዶ በዚያው ቁጥር ከደረቁ በላይ ይጎትታል። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ይያዝ፦ 14 በ1.5 ከሆነ 9 ተኩል ዙር አካባቢ። አዲስ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ከሆነ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተህ በቶርክ መፍቻ ደግመህ አረጋግጥ።

ዘጠኝ ሺ ዙር፦ ያወጣሁትን ኦሪጅናል እንዴት ላስቀምጥ? ልሽጠው ይሻላል?

ጋሽ ቶርኖ፦ አትሽጠው፣ መኪናዋ አንድ ቀን ትፈልገዋለች። የፍሬን ብናኙን አጥብ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቅ፣ የሚጣበቁትን የባላንስ ክብደቶች አንሳ፤ ከሥራቸው እርጥበት ይይዛሉ። ከየት እንደወጣ በክር አስረህ ጻፍበት፤ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ። መካከላቸው ጨርቅ አድርግ፣ ላስቲክ ውስጥ አትጠቅልለው። ዳዶዎቹንም ከእሱው ጋር አብረህ አስቀምጥ።