ለቆሮሶ ጥብስ የቱ ወይን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ወይን ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ከባሕር ዳር ነው፤ ከዘጌና ከጎርጎራም አለ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። በየጥያቄው ውስጥ «ለዓሣ ነጭ፣ ለሥጋ ቀይ» የሚለው ደንብ ደጋግሞ ይመጣል። ይህ ደንብ የወጣው በርበሬ ከማያውቅ ማዕድ ነው። እኛ ዘንድ ወይኑን የሚመርጠው ዓሣው ወይም ሥጋው ሳይሆን ቁሌቱ፣ ዳጣውና አዋዜው ነው።

«ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡብኛል። ዓሣ ጥብስና ዓሣ ጉላሽ አቀርባለሁ። ለሁለቱም አንድ ነጭ ወይን ይበቃል?» (ከባሕር ዳር፣ ጣና ክፍለ ከተማ)

እመቤቴ፣ ከቻሉ ሁለት ዓይነት ይግዙ። ጥብሱና ጉላሹ ፀባያቸው ለየቅል ነው።

ከጥብሱ ልጀምር። ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሁለት ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ይደርቅና ቅርጥፍጥፍ ይላል፤ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሎሚ የምንጨምቅበት ዘይቱን እንዲቆርጥልን ነው። ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ነጭ ወይን ደግሞ ኮምጠጥ ስለሚል ያንኑ ሥራ ይሠራል። የባቱው ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ወይም አዋሽ ክሪስታል በደንብ ቀዝቅዞ ቢቀርብ ከጥብሱ ጋር ግሩም ነው። እንግዶችዎ ዳጣ ካሉ ያቅርቡላቸው፤ ብቻ ለየብቻ በትንሽ ሳህን ይሁን። ዓሣው ዳጣ ውስጥ ከተነከረ ድራዩ ነጭ ጣዕሙ ይጠፋል።

ጉላሹ ላይ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቃሪያ አለ። እዚህ ትንሽ ጣፋጭነት ያስፈልጋል። አካሺያ ሚዲየም ስዊት (መካከለኛ ጣፋጭ) ነጭ ወይም ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) ይሻላል። ጉላሹ በአምባዛ ከተሠራ ደግሞ አምባዛ ቅባት ስላለውና ጣዕሙም ጠንከር ስለሚል፣ ቀዝቀዝ ያለ ለስላሳ ቀይ ወይን ጭምር ይችላል። ጠንካራ ድራይ ቀይ ግን ከዓሣ ጋር አይስጡ። በአንዳንድ ቀይ ወይን ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ከዓሣው ቅባት ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ ደስ የማይል ጣዕም ይተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲቀምስ ዓሣው የቆየ እየመሰለው አብሳዩን ይወቅሳል፤ ያሳዝናል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ መግዛት ከሆነ የሚቻለው፣ ሚዲየም ስዊት ነጩን ይውሰዱ። ከጥብሱም ጋር አያሳፍርም።

«ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ድራይ ቀይ ወይን ከፈትን። ደህና ብር ያወጣሁበት ነው። ግን አፋችንን አቃጠለን፣ ደግሞም ይመራል። ተበላሽቶ ይሆን?» (ከባሕር ዳር፣ ፋሲሎ)

አልተበላሸም ወንድሜ። ዶሮ ወጡ ነው ያጣላው። ቀይ ወይን ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ከወይኑ ልጣጭና በፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ይመጣል፤ ምላስን የሚያደርቀውና የሚያጣብቀው እሱ ነው። በርበሬ ያቃጠለው አፍ ላይ ታኒኑም አልኮሉም ሲደረቡበት ቃጠሎው ይብሳል፣ ምሬቱም ጎልቶ ይወጣል። ስኳር ግን ቃጠሎውን ያበርዳል። እናቶቻችን ዶሮ ወጥን ከጠጅ ጋር ሲያቀርቡ ማሩ የሚሠራውን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥ፣ ለምንቸት አብሽ ጣፋጭ ወይም ሚዲየም ስዊት ቀይ ይያዙ። አክሱሚት ጣፋጭ ነው፤ አካሺያ ሚዲየም ስዊት ቀይም አለ። «ጣፋጭ ወይን የማያውቅ ሰው ነው የሚጠጣው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በርበሬ ላለበት ማዕድ ጣፋጩ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ድራዩን ቀይ ለሸክላ ጥብስ ያቆዩት። ሥጋው፣ ስቡና ጨው ታኒኑን ያለሰልሱታል፤ ያ ሲያጣብቅዎ የነበረው ወይን ልስልስ ብሎ ይወርዳል። አዋዜውን ግን ቀነስ ያድርጉ። ለክትፎም እንዲሁ ነው፤ ቅቤውና አይቡ ያግዛሉ፣ ሚጥሚጣው በልክ ይሁን።

«ሜርሎ፣ ካበርኔ፣ ሲራ የሚሉት የፋብሪካ ስም ነው? ነጭ ወይን ደግሞ ከነጭ የወይን ፍሬ ብቻ ነው የሚሠራው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ)

የወይን ዘር ስም ነው። እንደ ጤፍ፣ እንደ ቡና ዘር ማለት ነው። ሜርሎ ለስለስ ያለ ነው፤ ቀይ ወይን መልመድ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መጀመሪያ። ካበርኔ ሶቪኞን ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ ይበዛል፤ ሥጋ ይፈልጋል። ሲራ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ሽታ ስላለው ከደረቅ ጥብስ ጋር በጣም ይስማማኛል። ሻርዶኔ ነጭ ነው።

አራቱም የፈረንሳይ ዘሮች ናቸው፤ አራቱም በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ባቱ (ዝዋይ) ይለማሉ። ሪፍት ቫሊንና አካሺያን የሚያመርተው የካስቴል ወይን እርሻና ፋብሪካ እዚያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። አክሱሚት፣ ጉደርና አዋሽ ክሪስታል ደግሞ የአንጋፋው የአዋሽ ወይን ጠጅ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ ይላል። አንድ ቀይ ወይን ፍሬ ገዝተህ ጨመቅ አድርገው፤ የብዙዎቹ ጭማቂ ቀይ ሳይሆን ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ቀይ ወይን ሲሠራ ጭማቂው ከነልጣጩ ይብላላል፤ ለነጭ ግን መጀመሪያ ይጨመቅና ልጣጩ ይወገዳል። ስለዚህ ከቀይ ፍሬም ነጭ ወይን መሥራት ይቻላል። ሮዜ የሚሆነው ልጣጩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲቆይ ነው።

«አስተናጋጁ ቀይ ወይን ከመደርደሪያ አውርዶ ሙቁን ሰጠኝ። አቀዝቅዝልኝ ስለው ቀይ አይቀዘቅዝም አለኝ።» (ከጎርጎራ)

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚለው አባባል ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ነው። የእነሱ ክፍል ሙቀት 17 ወይም 18 ዲግሪ ነው። በሚያዝያ ወር የጣና ዳር ከሰዓት ሌላ ነገር ነው። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ነጩ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆይ። አስተናጋጁን በትሕትና ደግመው ይጠይቁት፤ ልክ ነዎት።

«ጓደኞቼ ጉደርን በኮካ ነው የሚጠጡት። ነውር ነው?»

ነውር አይደለም። ስፔኖችም ቀይ ወይንና ኮካ ቀላቅለው ይጠጣሉ። ብቻ ጥሩ ካበርኔ ላይ ኮካ አይጨመር፤ ገበሬው የለፋበትን ጣዕም ሸፈንነው ማለት ነው። ማቅለል ከፈለጋችሁ ነጩን በአምቦ ውኃ ሞክሩት። ጣፋጭ መጠጥ ሳይታወቅ ሞቅ ያደርጋል፤ ባጃጅም ሞተርም የሚነዳ ሰው አይቅመስ።

«ዘጌ ግቢ አለኝ። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አለ። ወይን ይበቅላል? ገዳማቱ አካባቢ ድሮ ነበር ሲሉ እሰማለሁ።»

አባቴ፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። ጣና ዙሪያ ለወይን አዲስ አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ከጎንደር ብዙም በማይርቅ ስፍራ ጥሩና ጠንካራ ወይን ይጠመቅ እንደነበር፣ ሕዝቡ ግን ብዙም እንደማይወደው ጽፏል። ስለዚህ ሐረጉ በዚህ አገር ይበቅላል።

ፈተናው ዝናቡ ነው። ባቱ ደረቅ ናት። እኛ ጋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ወይን ደግሞ ቅጠሉና ፍሬው እርጥብ ሲሆን ሻጋታ ይወደዋል። ስለዚህ ፍሬው በክረምት እንዳይደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። በእኛ አየር ሐረጉ እንደ ፈረንጅ አገር በብርድ አይተኛም፤ የሚቀሰቅሰው መግረዝ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ አጥብቀው ይግረዙት። ከአራት እስከ አምስት ወር ቆይቶ ፍሬው በየካቲትና መጋቢት ፀሐይ ይደርሳል። በበጋው ውኃ ያጠጡት።

ቡናው ጥላ ሥር አይትከሉት። ወይን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል። ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩለት። ሐረጉን በሽቦ ከመሬት ያንሱት፣ ዘለላው አካባቢ ያለውን ቅጠል ያሳሱለት። ሦስተኛው ዓመት ላይ ደህና ፍሬ ያያሉ። መጀመሪያ ጥቂት እግር ይትከሉና ይሞክሩ። ቡናዎን ግን እንዳይነቅሉ አደራ።

«ከፍቼ የተረፈኝን ወይን ምን ላድርገው? ሳምንት ይቆያል?»

ሳምንት ይበዛል። ቡሹን መልሰሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካቆምሽው ሦስት፣ አራት ቀን ይቆይልሻል፤ ቀዩም ቢሆን። ከዚያ ካለፈ ወደ ኮምጣጤ መሄድ ይጀምራል። ድራይ ነጭ ከሆነ ዓሣ ለብለብ ስትሠሪ ሽንኩርቱና ቃሪያው ላይ ግማሽ ስኒ ጨምሪበት፣ እስኪመጥ ጠብቂና ዓሣውን ክተቺ።