«ኮዱን ሰጠሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም»፦ ከየግቢው የመጡ ጥያቄዎች

ጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ነው። ከተማሪዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ።

«የዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም ‹ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ› የሚል ሊንክ ላከችልኝ። ስልክ ቁጥሬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። አሁን በስሜ ለሰው ሁሉ ‹ብር ላኩልኝ› እየተባለ ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

እህቴ፣ ዛሬውኑ ተናገሪ። ጓደኛሽም እንዳንቺው ተጠልፋ ይሆናል። ያስገባሽው ኮድ የአካውንትሽ ቁልፍ ነበር።

ስልክሽ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ከከፈተልሽ ዕድል አለሽ። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት ያህል መጠበቅ አለበት። አንቺ ግን ከነባሩ ስልክሽ ሌባውን ማባረር ትችያለሽ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺ፤ ከራስሽ ስልክ በቀር ሁሉንም አስወጪ። ቀጥለሽ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪና ፓስወርድ አውጪለት። ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን ለማንም አይጠቅምም።

ለባችሽ ግሩፕ የድምፅ መልእክት ላኪ፤ ጽሑፍማ ሌባውም ይጽፋል። ቤት ደግሞ ደውዪ። እናትሽ ብር ከመላካቸው በፊት ድምፅሽን ይስሙ።

«ክበባችን ስለ ሳይበር ደህንነት ስብሰባ ጠራ። የመጣው ስምንት ሰው ነው። ምን እናድርግ?»

አዳራሹን ተዉትና ተማሪው ያለበት ሂዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ሚኒ ሚዲያው ሁለት ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የማልዌርን (የጎጂ ሶፍትዌርን) ትርጉም አታንብቡ። በዚያ ሳምንት እዚያው ግቢ የደረሰ አንድ ነገር፣ የባለቤቱን ስም ሳትጠሩ ተናገሩ።

ፍሬሽማን ለምዝገባ ሲሰለፍ ደግሞ አንድ ጠረጴዛ አውጡ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እዚያው በገዛ ስልካቸው እንዲያበሩ እርዷቸው። ፓስወርድ ሲጽፉ ፊታችሁን አዙሩ፤ እሱም ራሱ ትምህርት ነው።

አደራ፣ የተጭበረበረውን ልጅ «እንዴት ታምናለህ!» አትበሉት። እንዲህ የተባለ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። እሱ ዝም ሲል ያው ሊንክ ዶርም ለዶርም ይዞራል።

«ሲኒየር ፕሮጀክቴን ፕሪንት ላስደርግ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ጠፋ ማለት ነው?»

ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ቫይረሱ ፋይሉን ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን አትጫነው። አንቲቫይረሱ አፕዴት በሆነ ኮምፒውተር ስካን አድርገውና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ። አንድ ኮፒም ኢሜይልህ ላይ ይኑርህ።

«የግቢያችን ቻናል ላይ የቴክኖሎጂ ዜና እጽፋለሁ። ቀድሜ ልልቀቀው ወይስ እስኪጣራ ልጠብቅ?»

ጠብቅ። የመጋቢት 2016ቱን ሌሊት አስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ማውጣት ቻለ። ወሬው በስልክና በመልእክት ከግቢ ግቢ በረረ፤ ኤቲኤሞቹ ፊት ተማሪ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ወጣ።

እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ያን ሌሊት አንድ የግቢ ቻናል «ይህ ብር የእናንተ አይደለም፤ ያወጣችሁት ሁሉ በስማችሁ ይመዘገባል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ስንት ልጅ በዳነ! የአንተ ዜና እንዲህ ያለ ሥራ ይሥራ።

«አንድ ጓደኛችን የሬጅስትራርን ሲስተም ሰብሬ መግባት እችላለሁ ይላል። ውጤት ካልነካ ችግር አለው?»

አለው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባቱ ብቻውን ወንጀል ነው። ችሎታው ካለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሳይበር ታለንት ፕሮግራም አለውና እዚያ ይወዳደር። የግቢውን ክፍተት አውቆት ከሆነ ደግሞ ሳይነካው ለአይሲቲ ክፍሉ ይንገር። ብቻውን መሄድ ከፈራ የሚያምነውን መምህር ይዞ ይሂድ።