አዝማቹን ብቻ ሳይሆን ስንኙን ስሙ

የሮክ ግጥም ትርጉም የምትጠይቁባቸው ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብኛል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆቴል ካሊፎርኒያ የት ነው ያለው? ሄዶ ማደር ይቻላል ወይ? (ከሐዋሳ)

የለም። ኢግልስ የሚባለው ባንድ አባላት በ1976 በዘፈን የሠሩት ቤት ነው። ከገጣሚዎቹ አንዱ ዶን ሄንሊ ከየዋህነት ተነስቶ ዓለምን እስከማወቅ የሚደረግ ጉዞ ነው ብሎታል። አልጋ ለመያዝ አትድከም።

አንድ የደሴ ተማሪ እናቱ ስልኩ ላይ "ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን" የሚል ርዕስ አይተው ደንግጠዋል። ታናሽ እህቱ "ሃይማኖቴን እያጣሁ ነው" ብላ ተርጉማላቸዋለች። ነገሩ ለንስሐ አባት ሊነገር ነው። እናቴን ምን ልበላት ይላል።

እህትህ ቃል በቃል ነው የተረጎመችው። አር.ኢ.ኤም. የሚባለው ባንድ የጆርጂያ ልጆች ናቸው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች "ሃይማኖቴን አጣሁ" ማለት ትዕግሥቴ አለቀ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። በ1991 የወጣው ይህ ዘፈን የሚያወራው ስለ አንድ አፍቃሪ ነው። ይወዳል፣ መናገር ይፈራል፣ ደግሞ "አበዛሁት እንዴ?" እያለ ይብሰለሰላል። እኛ "ሆድ ባሰኝ" የምንለውን ፈረንጅ ቃል በቃል ቢተረጉመው የጨጓራ ሐኪም ጋ ይልከን ነበር። ይህን ለእናትህ ንገራት፣ ወዲያው ይገባታል። የእምነት ጥያቄ ካለህ ንስሐ አባትህ አሉ። የዘፈኑ ጥያቄ ግን እዚህ አለቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባት፣ 22 ዓመት ታክሲ የነዱ፦ እዚያው የተወለደች ልጃቸው ልትመረቅ ነው። ለድግሱ "ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ." ("አሜሪካ ነው የተወለድኩት") የሚለውን የብሩስ ስፕሪንግስቲን ዘፈን አስመርጠዋል። የባለቤታቸው ወንድም "ይሄ እኮ አሜሪካን የሚሰድብ ዘፈን ነው" ብሎ አስቆማቸው። ማን ነው ልክ?

ጋሼ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ነው የሰማችሁት።

አዝማቹን ብቻ ለሰማ ሰው ፉከራ ነው። ከበሮው እንደ ነጋሪት ይጎሰማል። ድምፁ ቡጢ ያስጨብጣል። እርስዎ የሰሙት ይህንን ነው። ስንኙን ለሰማ ሰው ግን እንጉርጉሮ ነው። አንድ ሰው በምትሞት ትንሽ ከተማ ይወለዳል። በወጣትነቱ ችግር ውስጥ ይገባል። ጠመንጃ አስይዘው ቬትናም ይልኩታል። ሲመለስ ነዳጅ ማጣሪያው ጋ ሄዶ ሥራ ይለምናል፤ ቀጣሪው "በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ" ይለዋል። የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ይሄዳል፣ ከዚያም ባዶ እጁን ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የሚሄድበት የለውም።

አንዷን ቦታ ቀስ ብለው ይስሙልኝ። ወንድሙ ቬትናም ውስጥ ኬ ሳን በሚባል ቦታ ቬትኮንግ የሚባሉትን ተዋጊዎች ሲዋጋ ነበር። እነሱ ዛሬም እዚያ አሉ፣ እሱ የለም ይላል። ከዚያ ዝም። ሙዚቃው ይቀጥላል፣ የሚጠበቀው ስንኝ ግን አይመጣም። ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ስም ጠርታ ድምፅዋ ሲቆረጥ ያለውን ዝምታ ያውቁታል። እንደዚያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ወንድሙ ሳይጎን ውስጥ ከወደዳት ሴት ጋር የተነሳው ፎቶ ነው። ከሰውየው የቀረው ያ ፎቶ ነው።

ብሩስ ስፕሪንግስቲን ይህን ዘፈን በ1982 ብቻውን በጊታር ቀርጾት ነበር። ያንን ቅጂ የሰማ ሰው ፎክር ፎክር አይለውም። በ1984 ከባንዱ ጋር ሲያወጣው ነጋሪቱ ገባበት፣ አገር ሁሉ አዝማቹን ይዞ ሮጠ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፕሬዚዳንት ሬገን ኒው ጀርሲ፣ ሃሞንተን ከተማ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ የዘፋኙን ስም ጠሩ። ዘፈኖቹ የተስፋ መልእክት አላቸው አሉ። ስፕሪንግስቲን ከቀናት በኋላ ፒትስበርግ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ፕሬዚዳንቱ የትኛውን አልበሜን ይሆን የሚወዱት ሲል ጠየቀ። ከዚያ ከመኪና ፋብሪካ ተባሮ ሰው ስለገደለ ሠራተኛ የሚናገር ዘፈን ተጫወተ።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን። አንድ ኅብረ ቃል ፈልገን፣ ሰንጥቀን ወርቁን እናወጣለን። በዚህ ዓይን ሮክን የሚሰሙ አንባቢዎች ይጽፉልኛል፤ አንዲት ቃል ይዘው ሲቆፍሩ ያድራሉ። እዚህ ዘፈን ውስጥ ግን የተደበቀ ቃል የለም። ሁሉም በግልጽ ተነግሯል። ወርቁን የሸፈነው ጩኸቱ ነው። ስለዚህ እኔ ቃል ከመቆፈሬ በፊት "የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የሚናገረው?" እላለሁ። ስፕሪንግስቲን ቬትናም አልዘመተም። የሚናገረው ያ ሥራ አጥ ዘማች ነው። እሱ "እዚህ ነው የተወለድኩት" ሲል አቤቱታ ነው። የእናንተው ልጅ ሆኜ እንዴት እንዲህ ታደርጉኛላችሁ ማለቱ ነው።

ስድብ አይደለም። ቤቴ ነው ብሎ የማያምን ሰው ደጅ ቆሞ እንዲህ አይጮህም። የባለቤትዎ ወንድም እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ለምረቃው ያስከፍቱት፣ አልቃወምም። ግን ከድግሱ በፊት ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ግጥሙን ከላይ እስከ ታች አንብቡት።

"ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ" ለኬክ ቆረሳ ይሆናል? (ሙሽሪት፣ ከአዳማ)

አይሆንም። እያንዳንዷን ትንፋሽሽንና እርምጃሽን አያለሁ የሚለው ሰው የተለየችውን ፍቅረኛውን የሚከታተል ቀናተኛ ነው። ዘፈኑን የጻፈውና የዘፈነው ስቲንግ ራሱ የክትትልና የቅናት ዘፈን መሆኑን ተናግሯል። ዜማው ነው ያታለለሽ። ሌላ ምረጪ።

አንድ የታሪክ መምህር፦ ድንቅነሽ "ሉሲ" የተባለችው በአደንዛዥ ዕፅ ዘፈን ነው እያሉ ተማሪዎቼ ይከራከሩኛል። እውነት ነው?

በዘፈን መሰየሟ እውነት ነው። የተገኘችው አፋር፣ ሐዳር ላይ፣ ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያን ማታ ተመራማሪዎቹ ድንኳናቸው ጋ ሆነው በቴፕ የቢትልስን "ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ" ደጋግመው ያጫውቱ ነበር፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ዘፈኑ ደግሞ የወጣው በፈረንጆቹ 1967 ነው። ይህ የቁጥር መገጣጠም ሁሌም ይገርመኛል።

የዕፁ ወሬ የመጣው ከርዕሱ ነው። ዋና ዋና ቃላቱ የሚጀምሩባቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤል፣ ኤስ እና ዲ ናቸው፤ ኤል.ኤስ.ዲ. ደግሞ የዕፅ ስም ነው። የቢትልሱ ጆን ሌነን ግን ትንሹ ልጁ ጁሊያን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዞት ከመጣው ሥዕል ነው የተነሳሁት እንዳለ ነው የኖረው። ሥዕሉ ላይ ያለችው የልጁ የክፍል ጓደኛ ሉሲ ናት። ሌነን ኤል.ኤስ.ዲ. መውሰዱን አልደበቀም። ይህችን ብቻ ለይቶ የሚዋሽበት ምክንያት አይታየኝም። ለተማሪዎችዎ የሥዕሉን ታሪክ ይንገሯቸው።

የሮክ ካሴት ወደ ኋላ ሲዞር የሰይጣን መልእክት ይሰማል የሚባለውስ?

ምን እንደምትሰማ አስቀድሞ የነገረህ ሰው ካለ ትሰማዋለህ። በ1990 ጁዳስ ፕሪስት የሚባለው ባንድ ዘፈኑ ውስጥ ስውር መልእክት ደብቋል ተብሎ ኔቫዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፣ ዳኛው ለባንዱ ፈረደ። ቴፕህን አታበላሽ።

30 የሮክ ግጥሞችን ወደ አማርኛ ተርጉሜ መጽሐፍ ላሳትም ነው። ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ፈቃድ ሳትይዝ አትጀምር። ዝርዝሩን የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቅ።

አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ፦ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት አንድ ዘፈን ብቻ ትሰማለች። ስለ መሄድ የሚናገር ስንኝ አለው። "እኔን የሚጠራኝ ይመስለኛል፤ ምን ማለቱ ነው?" ብላለች።

እህቴ፣ ዘፈኑን አውቀዋለሁ። ትርጉሙን ግን ዛሬ አልነግርሽም። ሁለት ወር እንቅልፍ እንደሌለሽ፣ ምግብ እንዳስጠላሽ፣ አንዳንዴ እሱን ተከትዬ ልሂድ እንደሚያሰኝሽ ጽፈሽልኛል። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። ነገ ዛሬ አትበዪ። ዛሬ ማታ ብቻሽን እንዳታድሪ። የምታምኚውን አንድ ሰው ጥሪና ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ እንዳለ አስነብቢው። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ አብራችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ሂዱ። ሌሊቱ ከከበደሽ ደግሞ ጠዋትን ሳትጠብቁ አቅራቢያችሁ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጸበልም ጸሎትም ካለሽ በርቺ፣ ሐኪሙን ግን አያስቀርልሽም። ስልክሽ ላይ ያለውን ዘፈን ለጊዜው ለጓደኛሽ ስጪው፣ እሱ ጋ ይቆይ።

ሐኪሙን አይተሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ። ያኔ ግጥሙን መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።