ጅረቱን ስናድስ መናፈሻውን የት እናድርገው? ጥያቄና መልስ

የተጎዳ ጅረት በሚያድስ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የእግር መንገዱ በየት ይለፍ፣ መቀመጫው የት ይተከል የሚለው ክርክር የዘወትር ሥራዬ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ብዙ ጠይቃችኋል፤ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ነዋሪው በጉጉት የሚጠብቀው መናፈሻውን ነው። መንገዱንና መቀመጫዎቹን አስቀድመን ሠርተን ጅረቱን ቀስ ብለን ብናድስ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ሁለት ጊዜ መሥራታችሁ ነው። ጅረት ሲታደስ አካሄዱ ይለወጣል፤ ዛሬ ደረቅ መሬት ነው ብላችሁ መቀመጫ የተከላችሁበት ቦታ በሚቀጥለው የዝናብ ወቅት የውኃው መንገድ ሊሆን ይችላል። በሲንጋፖር የቢሻን መናፈሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት የነበረው የኮንክሪት ቦይ ፈርሶ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ወንዝ ሆኗል፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው። ወንዙና መናፈሻው በአንድ ፕላን ላይ ስለተሣሉ፣ ውኃው ዝቅ ሲል ሰው የሚንሸራሸርበት ሣር ዝናብ ሲበረታ ለጎርፉ ይለቀቃል። የእኔም እምነት ይኸው ነው፤ ውኃው ቦታውን አስቀድሞ ይያዝ፣ እኛ በተረፈው እንስፈር።

ጥያቄ፦ ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ በምን እናውቃለን? መሐንዲስ ቀጥረን የማስጠናት አቅም የለንም።

መልስ፦ የመጨረሻውን ስሌት ባለሙያ ማየት አለበት፤ ድልድይ ካሰባችሁማ ግድ ነው። ባለሙያው የሚፈልገውን ማስረጃ መሰብሰብ ግን የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጎርፍ ሲያልፍ በቁጥቋጦና በአጥር ላይ ገለባ፣ ቅጠልና ፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል። እኛ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት እየወጣን፣ ያ ጉድፍ በተሰቀለበት ከፍታ ላይ ቀይ ክር እናስር ነበር። ወቅቱ ሲያልፍ ክሮቹ ዳርቻውን ይዘው መስመር ሠሩ። የልጆች መጫወቻ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ባጸደቅነው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ በእሱ ላይ የታሰረው ክር ከደረቴ በላይ ነበር። ፕላኑን የቀየረው ያ ክር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሜዳው የተከራከረ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ሰው ውኃውን ቀርቦ ማየት ይወዳል። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የውኃውን ጥግ ይዞ ቢሄድስ?

መልስ፦ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። የዳርቻውን አፈር ይዞ የሚያቆመው የዛፉ፣ የሸምበቆውና የሣሩ ሥር ነው። ሰው ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ ይሞታል፣ ዳርቻው ይናዳል፤ ደለሉም ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን የጠጠር ክፍተት ይደፍነዋል። ለመንገዱ ሲባል ዛፍ ከተቆረጠ ደግሞ ጥላው አብሮ ይሄዳል። ጥላ የሚያስፈልገው ለሰው ብቻ አይደለም። 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ከ8 ሚሊግራም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ዋናውን መንገድ ራቅ አድርጉትና ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ወደ ውኃው አውርዱት። በእነዚያ ቦታዎች ግን አትሰስቱ፤ ልጅ ተቀምጦ እግሩን የሚነክርበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ። ሰው የተመቸ መውረጃ ካገኘ ቁጥቋጦ አይጥስም፤ ካላገኘ ግን የትኛውም የክልክል ጽሑፍ አያቆመውም።

ጥያቄ፦ የሚናደውን ዳርቻ በኮንክሪት ግንብ ብንይዘውስ?

መልስ፦ ቤት ወይም ድልድይ የሚያሰጋ ካልሆነ አልመክርም። ግንቡ የውኃውን ጉልበት ከእሱ በታች ላለው ዳርቻ ያስተላልፈዋል። እርጥብ የአኻያ ችካል ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ገብቶ ሲተከል ሥር ሰዶ አፈሩን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ጅረታችን በደረቁ ወቅት ውኃ የለውም። በፓምፕ እናምጣ?

መልስ፦ በሴኡል ከተማ የቾንግጌቾን ጅረት በላዩ የተሠራው አውራ ጎዳና ፈርሶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት፣ 5.8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው አልጋው ላይ በቀን 120,000 ቶን ያህል ውኃ በፓምፕ እየመጣ እንዲፈስ ተደርጓል። ይህን የትልቅ ከተማ በጀት እንጂ በጎ ፈቃደኛ አይችለውም። በየወቅቱ የሚደርቅ ጅረትም ሕይወት አለው፤ ውኃ የሚያቁሩትን ጥልቅ ቦታዎች ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዋኙበት?

መልስ፦ ውኃው በላቦራቶሪ ሳይመረመር አይሆንም። ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን ይታገሡ፤ ከየመንገዱ የታጠበው ቆሻሻ የሚገባው ወደ ጅረቱ ነው።

ጥያቄ፦ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ መንገዱ በ20 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ልቅ ጠጠር ጎማ ስለሚውጥ በደንብ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ድንጋይ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ተጠቃሚውን ጋብዛችሁ መስመሩን አብራችሁ ሂዱ። እኛ ከጋበዝናቸው እናት ጋር 200 እርምጃ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ወንበራቸውን አራት ጊዜ ተሸከምነው። እሳቸው ግን በየቦታው እያስቆሙን ጉድጓዱን በጣታቸው ያሳዩን ነበር።

ጥያቄ፦ ከተሠራ በኋላ ማን ይንከባከበዋል?

መልስ፦ ይህን አሁኑኑ መጠየቃችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ሣር ማን ያጭዳል፣ የተሰበረውን ማን ይጠግናል የሚለውን ከአካባቢው አስተዳደር ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። እኛ ደግሞ በፕላኑ ላይ ከእያንዳንዱ ነገር ጎን የሁለት ተንከባካቢዎች ስም እንዲጻፍ ወሰንን፤ ስም ያላገኘ አይሠራም። ዥዋዥዌው ስም አጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ቆየ፤ ልጆቹም አዘኑብን። በሁለተኛው ዓመት ሁለት አባቶች መጥተው ስማቸውን አስመዘገቡ። እስከ ዛሬ ሰንሰለቱን እየፈተሹ ዘይት የሚቀቡት እነሱ ናቸው።