ልጁ በረዶ ላይ፣ አባቱ መኪና ውስጥ

ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ስኖር ይሄ 19ኛ ዓመቴ ነው። አዲስ የመጡ አባቶች የሚጠይቁኝ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ልጃቸው ሆኪ፣ ያን በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱትን፣ አይቶ መጥቶ ሲጨቀጭቃቸው ግን «የነጭ ጨዋታ ነው» ብለው አፉን ያስይዙታል። ተዉ እንጂ! ዝነኛው የሆኪ ተጫዋች ጃሮም ኢጊንላ እዚሁ ኤድመንተን የተወለደ የናይጄሪያዊ ልጅ ነው። የካልጋሪ ፍሌምስ የሆኪ ቡድን አምበል ሆኗል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ለካናዳ የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥቷል። እኛስ በገና ቀን ዱላ ይዘን ሩር ስናባርር ያደግን ሰዎች አይደለንም?

1. ምዝገባ። ሰመር ላይ ጨርሱ። ክፍያው ከከበዳችሁ የልጆችን የስፖርት ክፍያ ለሚደጉሙት ለኪድስፖርት ወይም ለጃምፕስታርት አመልክቱ።

2. ዕቃ። ሄልሜቱ አዲስና የሲኤስኤ (የካናዳ የደረጃዎች ድርጅት) ምልክት ያለው ይሁን። ሌላው ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። ስኬቱን (የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን) ግን «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ። ከአዘቦት ጫማው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ቁጥር ያንሳል። ከሰፋው ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፣ ይወድቃል፣ በቃ ይጠላዋል።

3. እግር ከዱላ ይቀድማል። ጀማሪ ሁሉ መምታት ነው የሚቸኩለው። ጉልበት ካልታጠፈ ምቱም የለም። ወንበር ላይ ልትቀመጡ ስትሉ እንደምትሆኑት ሁኑ፤ ደረት ቀና፣ ዓይን ወደፊት። ግፊቱ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። እየተንሸራተቱ ቀጥ ብሎ መቆምን በቀኝም በግራም ተለማመዱ።

እናንተ አባቶችም ተጫወቱ እንጂ። ደግሞ «ሯጭ ነበርኩ፣ ትንፋሽ አለኝ» አትበሉ። እኔም ብዬ ነበር። ሆኪ 45 ሰከንድ ያህል ያለ የሌለ አቅምን አውጥቶ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ነው። ስለዚህ 40 ሰከንድ ዳገት ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ እየተራመዳችሁ ተንፍሱ፣ ድገሙት። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ወደ ጎን ሰፊ እርምጃ፣ በአንድ እግር መቆም፤ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ብሽሽታችሁን ሳታሟሙቁ አትግቡ፤ ከሥራ ያስቀራችኋል። የአዋቂዎች ሊግ በአብዛኛው በሰውነት መጋጨትን ይከለክላል፣ ዕድሜ አያግዳችሁም። እኔ የጀመርኩት በ46 ዓመቴ ነው።

4. ለምን በ46? ልጄ በሰባት ዓመቱ ነው የጀመረው። ልምምዱ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት። ሌሊቱን ታክሲ ስነዳ አድሬ አደርሰውና መኪና ውስጥ እተኛለሁ። ሰባት ዓመት! አንድም ቀን ጫማውን አላሰርኩለትም። የጓደኛው አባት ነበር የሚያስርለት። መንገዱ መሄጃው 35 ደቂቃ፣ መመለሻው 35 ደቂቃ፤ እኔ ሬዲዮ እሰማለሁ፣ እሱ በመስኮት ያያል። ያን ሁሉ ሰዓት አማርኛ ባወራው ኖሮ! እናቴ ከጎንደር ስትደውል «ሃሎ» ይልና ስልኩን ለኔ ያቀብለኛል። እሷም «ምን አለ ልጄ?» ትለኛለች።

እባካችሁ፣ የቅዳሜዋን ሺፍት ተዉ። ገንዘቡ ይመጣል፣ ያ ንጋት ግን አይመለስም። ጫማውን ስታስሩለት «ጠበቀ? ላላ?» በሉት። ስትመለሱ «ማን አቀበለህ? የት ሳትክ?» ብላችሁ ጠይቁት። በእንግሊዝኛ ቢመልስም እናንተ አትቀይሩ። ብዙ ሰፈር የኮሚዩኒቲ ሊግ (የሰፈር ማኅበር) የበረዶ ሜዳ አለ፤ ማታ ስኬት አጥልቃችሁ አብራችሁት ግቡ። መውደቅ አይቀርም፤ በጉልበት ወደፊት ውደቁ እንጂ ወደኋላ አይሁን።

ልጄ አሁን 22 ዓመቱ ነው። እሁድ ማታ በአንድ ቡድን እንጫወታለን። ባለፈው ደክሞኝ ቀጥ ብዬ ስንሸራተት ከአግዳሚው ጮኸብኝ፤ «አባዬ፣ ጉልበትህን እጠፍ!» በአማርኛ።